ዜግነቱን የተገፈፈ ዘማች የት ይገባል?

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ቦሌ መንገድ ላይ ሲተኮስባቸው የሕግ ተማሪ ነበርኩ። እሳቸው ጥይት በማይበሳው መኪናቸው ተረፉ፤ የእኛ ፖሊሶች ሞቱ። ያን ሰሞን ሁላችንም «ማን ላካቸው?» እንል ነበር። እኔን ዛሬም የሚከነክነኝ ግን «ቀድሞስ የት ነበሩ?» የሚለው ነው።

በዋና አቀነባባሪነት የተጠቀሰው ሙስጠፋ ሐምዛ ቀደም ሲል አፍጋኒስታን የቆየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አብደላህ አዛም ፔሻዋር ላይ ባቋቋመው ቢሮ በኩል የዓረብ ፈቃደኛ ተዋጊዎች ሲጎርፉ ይህ ነው የሚባል ከልካይ አልነበራቸውም፤ ጠላት ሶቭየት ኅብረት ነበረችና። በ1989 የሶቭየት ጦር ሲወጣ ግን ፈላጊ አጡ። ግብፅ ተመላሾችን ወታደራዊ ፍርድ ቤት አቆመች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1994 የቢን ላደንን ዜግነት ገፈፈች። ሰውየው ያኔ ካርቱም ነበር፤ በ1996 ከሱዳን ውጣ ሲባል ተመልሶ አፍጋኒስታን ገባ።

ዜግነት መግፈፍ ቅጣት ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዳኝነት መሸሽ ነው። የወንጀል ክስ የለም፣ ተጎጂም አይሰማም። እንግሊዝም በ2019 በ15 ዓመቷ ከለንደን ወደ ሶርያ የሄደችን ወጣት፣ በወላጆቿ በኩል የባንግላዴሽ ዜጋ ናት ብላ ዜግነቷን ነጠቀች። ባንግላዴሽ አላውቃትም አለች።

እርግጥ ነው፣ ከጦር ሜዳ ማስረጃ መሰብሰብ ለዐቃቤ ሕግ ፈተና ነው። ቢሆንም «እኔ ዘንድ የለም» የሚለውን መልስ እኛም እናውቀዋለን። የፀጥታው ምክር ቤት በ1996 በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ እንድታስረክብ ጠይቆ ነበር። ሱዳን የሉም አለች። የቦሌዎቹ ፖሊሶች ቤተሰቦች እነዚያን ሦስቱን አዲስ አበባ ችሎት ፊት አላዩም።