ሰሊጡ ከኛ፣ ፓኬቱ ከሱቅ

ሐሙስ ጾመን በቴምር አፍጥረን፣ መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ቶሎ የሚደርሰው ኢንዶሚ ነው። የቅመም ፓኬቱን ጽሑፍ ግን ስንቶቻችን እናነባለን? ሹብሃ ያለበትን ከመብላት፣ ተከራይተን የምንኖር የመተማ ልጆች የተሻለ አለን። የቻይና ሲችዋን ሰዎች ዳንዳን የሚሉትን ፓስታ መሰል ምግባቸውን በተፈጨ ሰሊጥና በሚያቃጥል ዘይት ያጣፍጡታል። (የአሳማ ሥጋም ይጨምሩበታል፤ እሱን ለነሱ!) ከሰሊጣችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷም ቻይና ናት፤ እኛ ደግሞ ፓኬት እንገዛለን።

ፓስታው እስኪበስል ሁለት ማንኪያ ሰሊጥ ቆልተን እንወቅጣለን። የጋለ ዘይት ከእሳት አውርደን፣ ትንሽ አብርደን በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ላይ እናፈሳለን፤ ካልበረደ በርበሬው ያርራል፣ አርሮብን እናውቃለን። ጨው፣ ሎሚ፣ ከፓስታው ውሃ ጥቂት። ከዒሻ በፊት ይደርሳል። ከቤት ስንመለስ አንድ ኪሎ ሰሊጥ እንያዝ።