የጅግጅጋ ቅርስ ካራማራ ላይ አያበቃም

ስለ ጅግጅጋ ቅርስ ሲነሳ አብዛኞቻችን ያለን መልስ አንድ ነው፦ ካራማራ። ከሐረር ተነስቶ ባቢሌንና የዳካታን የድንጋይ ሸለቆ አልፎ የመጣ መንገደኛ የካራማራው ማርዳ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ፣ ወራሪው የሶማሊያ ጦር የተሸነፈበት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ትዝ ይለዋል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የድንበር መንገድና የንግድ ቦታ ብቻ አድርጎ ቆጥሮ ያልፋል። በዚያ ጦርነት የወደቁትን ማስታወስ ግዴታችን ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምቃወመው አንድን አገር በአንድ የጦርነት ቀን ብቻ ማወቃችንን፣ የቀረውንም «ምን ቅርስ አለው» ብለን ለፓርክና ለፏፏቴ መተዋችንን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይናችን ነው። ቅርስ ሲባል ዓይናችን የተጠረበ ድንጋይ ይፈልጋል፤ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ የጎንደርን ግንብ፣ ቢበዛ የሐረርን ጀጎል። በዚህ ሚዛን አርብቶ አደር የኖረበት አገር ባዶ ሆኖ ይታያል። አቃል የሚባለውን የሶማሌ ቤት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሴቶቹ የታጠፉ ረጃጅም እንጨቶችን ተክለው ያስራሉ፤ በእጃቸው የጎነጎኑትን ምንጣፍ ያለብሱታል፤ ጉዞ ሲመጣ በጥቂት ጊዜ ይፈታል። ያው ምንጣፍ የግመሉን ጀርባ ከጭነት ይጠብቃል፤ ያው እንጨት ዕቃ የሚታሰርበት ይሆናል። ቤቱና የጉዞው ዕቃ አንድ ነው። ይህን ያህል የታሰበበት የግንባታ ጥበብ በሙዚየም ጥግ ለጌጥ ከሚቆም ይልቅ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሊማረው የሚገባ ነበር።

ድንጋይ ካልን ደግሞ ድንጋይም አለ። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ አውበሬ፣ በድሮው አጠራር ተፈሪ በር፣ በሚወስደው አካባቢና ከድንበሩ ማዶ የፈራረሱ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች አሉ። ከርል የተባለ ብሪታኒያዊ ስለ እነዚህ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1937 ጽፏል፤ ከዚያ ሩቅ በረሃ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ሳይቀር ተገኝቷል። እነዚህ ከተሞች ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ ያቆማቸው ናቸው። በድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ ላይ የተካሄደው ቁፋሮ በ2009 ዓ.ም. የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ መገኘቱን ሲያሳውቅ ዓለም ጉድ አለ። ወደ አውበሬ መስመር ግን ስንቶቻችን ዞር ብለን አየን? ጠባቂ የሌለው ፍርስራሽ ደግሞ ለጎረቤቱ የግንብና የአጥር ድንጋይ ነው፤ አንድ ቤት በተሠራ ቁጥር አንድ ግድግዳ ይጎድላል።

ወደ ከተማው ልመለስ። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፤ ጅግጅጋም ደርሶታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫ የሚጠላ የለም። ግን የቀበናን ወንዝ ዳር ንድፍ አምጥቶ በሶማሌ ቶግ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው። ቶግ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ ለሰዓታት ይሞላል፣ ከዚያ አሸዋ ሆኖ ይቆያል። ያ አሸዋ ባዶ ቦታ አይደለም። ውኃው ከሥሩ ይቀራል፤ እረኛ በእጁ ቆፍሮ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያ ነው። አሸዋውን በኮንክሪት ብንሸፍነው ከላይ የሚያምር መናፈሻ፣ ከሥር የጠፋ ውኃ ይሆናል። ደረቅ ነው ብለን ጫፉ ድረስ ከሠራንበት ደግሞ ድሬዳዋን እናስታውስ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የቶጉ ዳር የመጀመሪያ መስህብ ራሱ ቶጉ ነው፤ ከፌስታልና ከቆሻሻ ይጽዳ፣ አሸዋው ይተንፍስ፣ የጎርፉ መንገድ አይነካ።

ከተማዋ የምትኮራበት ስም አላት፦ የቀድሞው የሶማሌ ገዥ ገራድ ዊልዋል። አውሮፕላን ማረፊያው በእሱ ስም ተሰይሟል። ስም መስጠት ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ስለ ገራዱ ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ፣ ሰውን የሚያጣላም የሚያስማማም የበጉን ብልት አምጡልኝ ብሎ ወንዶቹን ሁሉ እንዳዘዘ ይናገራል። ሌላው ምርጥ ሥጋ ይዞ ሲመጣ፣ አንድ ድሃ በልጁ ምክር እያፈረ ጉሮሮውን ይዞ ቀረበ። ገራዱ የፈለገው እሱን ነበር፤ ስግብግብ ጉሮሮ ያጣላል፣ የሚያካፍል ያፋቅራልና። በድርቅና በግጦሽ ለሚፈተን ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ትምህርት የት አለ? ይህ ተረት የሚነገርበት፣ በአማርኛም በሶማሊኛም ለእንግዳ የሚሰማበት ቦታ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ግን ሐርቲሼክ ነው። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ በድንበሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች የራሳቸውን አገር ከተማ ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ በእግሩ ወደዚህ ተሻገረ። ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ሰው የያዘ፣ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስደተኞቹ ሲመጡ የካራማራው ጦርነት ካበቃ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። የዚያው መሪ ጦር የወረረው ምድር፣ ያው መሪ ከገዛ አገራቸው ያባረራቸውን ሰዎች ተቀበለ። ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ ያለውን ተካፍሎ ኖረ። 1970ን የሚያውቅ ሁሉ 1980ን የማያውቀው ለምንድን ነው? ድል የሚዘከርበት ቀን ሲኖረን፣ ጠላት የነበረ አገር ሕዝብ የተጠለለበት ቀን ለምን አይኖረንም?

«የማይጨበጥ ነገር እንዴት ቅርስ ይሆናል» የሚል ካለ፣ መልሱ በዚያው በሶማሌ ክልል አለ። የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሕጉ ግንብ የለውም፤ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ በቃል ይሄዳል፣ ችሎቱም ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። የአውበሬ መስመር ፍርስራሾች በካርታ ይስፈሩ፤ ከየመንደሩ ሰው ተመርጦ በደመወዝ ይጠብቃቸው። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሐርቲሼክ ይላክ፤ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ወደ 60 እየተጠጋ ነውና ማን ምን እንዳካፈለ፣ ማን ማንን እንደቀበረ ድምፁ ይቀረጽ። የካቲት 26ን ለማክበር ካራማራ የሚወጡ እንግዶችም በዚያው ቀን እንዳይመለሱ ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ይርዘም፤ በማግስቱ ወደ ሐርቲሼክ ይውረዱ።