ደጋፊው ተከፋፈለ፤ ታዳጊውስ የማን ነው?

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ፋሲል ከነማ አነሣ፤ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ደግሞ 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወጣቱ እንዴት እንደተገኘ፣ ተከታዩስ ከወዴት እንደሚመጣ የጠየቀ ደጋፊ ግን ጥቂት ነው።

የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ መናቆሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ስታዲየም የሚሞላው በዚያ ነው። (የክልል ወገንተኝነት ማሊያ ሲለብስ ነገሩ ሌላ ነው።) ችግሩ ሁሉም የሚጠይቀው የዘንድሮን ዋንጫ ብቻ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በመንግሥት ተቋማትና በከተማ አስተዳደሮች በጀት የቆሙ ናቸው፤ በየዓመቱ ዋንጫ የሚጠየቅ ኃላፊ የ15 ዓመት ልጅ ኮትኩቶ እስኪያሳድግ አይታገሥም፣ የበሰለ ተጫዋች ያስፈርማል።

እዚህ ኒው አልባኒ ለምንኖረው ማነጻጸሪያው ሩቅ አይደለም። የጎረቤታችን የጋሃና ልጅ ዊል ትራፕ በኮሎምበስ ክሩ የታዳጊዎች አካዳሚ አልፎ የዋናው ቡድን አምበል ሆኗል።

የፊፋ ደንብም ለአሳዳጊ ያደላል፤ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዝውውር ዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። አቡበከር እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደተሻገረው ሌሎችም ይሻገራሉ፤ ልጁን በወቅቱ ያላስመዘገበ ክለብ ግን ድርሻዬ ብሎ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

ስለዚህ ለክለባችሁ ገንዘብ የምታዋጡ ሁሉ፣ መዋጮው ለታዳጊ ቡድን ብቻ እንዲውል፣ የልጆቹም የምዝገባ ዝርዝር በየዓመቱ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ጊዮርጊሱም ቡናውም ይህን ለየክለቡ ለየብቻ ማድረግ ይችላል፤ ለዚህ መታረቅ አያሻቸውም።