የመጀመሪያው ቀጠሮ የማን ነው?

እንደሚታወቀው አንድ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ አእምሮ ጤና ክሊኒክ የሚመጣው ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ ነው። ጎረቤት ተማክሯል፤ ጸበል ተሂዷል፤ አስተማሪ ተጠይቋል። ታዲያ ይህን ያህል ደክሞ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምን ይጠብቀዋል? ብዙውን ጊዜ ቅጽ ነው። ባለሙያው ይጠይቃል፣ እናት ትመልሳለች፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ቦታም ያየሁት ይህንኑ ነው።

አን ዮርክና ስቲቭ ኪንግስበሪ የተባሉ የእንግሊዝ የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ያዘጋጁት «የምርጫና የአጋርነት» አሠራር ግን ከሌላ ጫፍ ይነሳል። የመጀመሪያው ቀጠሮ «ምርጫ» ይባላል። ቤተሰቡና ባለሙያው ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈለግና እቤት ምን እንደሚሞከር አብረው ይነጋገራሉ። ሕክምናው ይቀጥል ከተባለ «አጋርነት» የሚባለው ምዕራፍ ይከተላል፤ ለጉዳዩ የሚስማማ ሙያ ያለው ሰውም ይመደባል።

«ይሄማ የፈረንጅ አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ጋ ሰልፉ በር ላይ ነው» የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን ሰልፉ ራሱ ምክንያት ይሆነናል ባይ ነኝ። ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ላይመለስ ይችላል። ያቺ ቀን ብቸኛዋ ከሆነች ባዶ እጁን መሄድ የለበትም እኮ!

ልጆቻችን በታላላቆች ፊት አይናገሩም መባሉም እውነት ነው። መፍትሔው ግን ልጁን መተው አይደለም። «እናቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከእሱ ጋር ትንሽ ብቻችንን እናውራ» ማለት ምን ይከብዳል? እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲደመጥ ያዛል።

ይህን ስል ባለሙያው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ልጁ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ወይም ጥቃት እየደረሰበት እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ለምርጫ የሚተው ነገር አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ግን እኮ ሰው የሚደብቀው ጠያቂውን አይቶ ነው። ስለዚህ ዲፓርትመንታችን በቃለ መጠይቅ ትምህርት ላይ ምልክት መዘርዘር ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ከዚህ ምን ይዛችሁ ብትሄዱ ትወዳላችሁ?» ብሎ መጠየቅንና መልሱን ታግሶ መስማትን ያለማምደን፤ ይፈትነንም እላለሁ።