ደባርቅ ሳታድግ እናጥናት

ከጎንደር ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በገደሉና ከገደሉ ማዶ በተደረደሩት ተራሮች ላይ ነው። እኛም በዚያ ባለፍን ቁጥር የምናየው ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ፊታችንን ከገደሉ ወደ መንገዱ ብንመልስ፣ ሌላ ሊጠና የሚገባው ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም በመንገዱ ግራና ቀኝ በማደግ ላይ የሚገኙት አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ናቸው። ስለ ከተማ ጥናት ሲነሣ ሁላችንም አዲስ አበባን እናስባለን። በእኛ እምነት ግን ጥናቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ገና ላላደጉት ከተሞች ነው።

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ»፣ ማለትም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ቀድሞ የንጉሥ ጦር የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ማገዶውና ስንቁ ሲመናመን ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዲስ አበባም ቢሆን በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶ አጥሯት፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የዛፉ ጥቅምና ጉዳት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የከተማ ዕድሜ የሚወሰነው በኃይል ሒሳቡ ነው።

ወደ ደባርቅ እንመለስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው እፎይ አለ፤ ገበሬው ግን የከተማ ሰው ሆነ። በከተማ ማገዶ በገንዘብ ይገዛል፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ብርዱን የሚከፍለው ነዋሪው፣ ካልቻለም በአካባቢው የቀረው ደን ነው።

ይህን ነገር በፊዚክስ ዐይን እንመልከተው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ሽሮውም ባቄላውም ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ከዚህ የተነሣ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን የተቀበልነው ሙቀት ሌሊት በጨረር መልክ ያመልጣል። የጥንቱ የሣር ክዳን ሙቀት ያግድ ነበር፤ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳም ቀን የሰበሰበውን ሙቀት እስከ ማታ ያቆይ ነበር። ቆርቆሮ ግን ሁለቱንም አያደርግም። ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በስተደቡብ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ቤት በብርዱ ወራት ሙቀት በነጻ ያገኛል። ቤቱ ወደ ደቡብ እንዲዞር ግን መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋት አለበት። ይህ መሥመር ዛሬ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይሰመራል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለማቃናት ግን ሰፈር ማፍረስ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ይህ የመሐንዲሱና የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ይደነግጋል። ሆኖም ፕላን በቁጥር ካልተደገፈ ከሥዕል አያልፍም፤ ቁጥሩን ደግሞ ለክቶ የሚያመጣ ያስፈልጋል። እኛ በውጭ አገር ስንማር ስለ ሙቀት የሠራናቸው መልመጃዎች ሁሉ በረዶ ስለሚወርድባቸው ከተሞች ነበሩ። አገር ቤት ተመልሰንም እነዚያኑ መልመጃዎች ስናስተምር ብዙ ዓመት ቆየን። ጥፋቱ የእኛም ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ሁለት ቴርሞሜትር ፈልጉ። አንዱን ኮርኒስ ካለው፣ ሌላውን ከሌለው ቤት ስቀሉና በታኅሣሥ ለአንድ ወር ማታና ንጋት መዝግቡ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ መሆኑን አትርሱ፤ የትምህርት ቤታችሁ ጣሪያ በአንድ ክረምት ስንት ሊትር እንደሚያፈስስም አስሉ። ውጤቱንም ለመምህራችሁ ብቻ ሳይሆን ለማዘጋጃ ቤቱም አቅርቡ። ከግጭ የመጣው ገበሬ ልጅ ነገ በሚሞቅ ቤት አጥንቶ ለፈተና ቢቀመጥ፣ ያ መዝገብ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል እንላለን።