ከክሩ ጀምሩ

በዚህ እትማችን የቤት ምንጣፍን ጉዳይ አንስተናል። ምንጣፍ ልግዛ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለሙ ነው፤ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ወይ? ከሶፋውስ? እኛ ግን ከክሩ ጀምሩ እንላለን። የእኛ ሳሎን ቡና የሚፈላበት ሳሎን ነውና።

ከከሰል ማንደጃው አንዲት ፍም ስትወድቅ የሚሆነውን አስቡት። ገበያውን ከሞሉት የማሽን ምንጣፎች ብዙዎቹ ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ፕላስቲክ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ፍሟ ቶሎ ብትነሣም ደረቅ ጠባሳ ጥላ ትሄዳለች። ሱፍ ግን አይቀልጥም፤ ጫፉ ይከስላል፣ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ በጥፍር ሲፋቅም ይራገፋል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ካላችሁ ከጠርዙ አንዲት ክር ለምናችሁ ደጅ ወጥታችሁ ክብሪት ጫሩባት። ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ።

የደብረ ብርሃንን የእጅ ሥራ የሱፍ ምንጣፎች ሰፋ አድርገን አይተናል። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ለሹራብ ባይመችም ለሚረገጥ ነገር ግሩም ነው። ሳይነከር የተፈተለው ነጩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ ቀለሙን ያገኘው ከበጉ ስለሆነ በእጥበት አይለቅም። እውነቱን ለመናገር እኔ ጣዎስና አንበሳ ከተሣለባቸው ደማቆቹ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ፤ አድልዎ በሉት። ክብደታቸው ግን ጉድ ነው፣ ትልልቆቹን ለማራገፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ብልም ይወዳቸዋል።

ስለ መጠንና ስለ እጥበት በየገጹ ታገኛላችሁ። ለበዓል ቄጠማ የምትጎዘጉዙ ደግሞ ነጣ ያለ ምንጣፍ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ እድፍ የጻፍነውን እዩልን።