ቅዳሜ ከሰዓት
ውጭ አገር የሚማር የወለጋ ልጅ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለዚያ አገር ሕፃናት ቢሰጥ ደስ ይለኛል። «የራሳችን ልጆች እያሉ?» የሚሉኝ አሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሲነበብ ያየ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ማስተማርን የተማርኩት በሰው አገር፣ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ነው። አንዲት የስደተኛ ልጅ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ስታነብ አንድ ቃል ላይ ቆመች። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝና «ቆይ» አለች። ቆየሁ። ራሷ አነበበችው። ያን ያህል ዝም ብሎ መጠበቅን በየትኛውም ክፍል ማንም አላስተማረኝም። በሰው አገር የተማሩትን ለአገር ልጆች ማምጣት ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ ስዊድን 5 ዓመት ተምረው ያተረፉት ለልጆች ነበር፦ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1931ም እዚያው አረፉ። ዘንድሮ ክረምት ለእረፍት ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ የምትመጡ ልጆቻችን፣ ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሠፈሩ ልጆች ቤት ናቸው፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል።